በአዲስ አበባ ዙሪያ ተራራ ስትወጡ፦ ውሃው ስንት፣ ጨዉስ?

የካቲት አጋማሽ ላይ የአዲስ አበባን የአየር ትንበያ ብታዩ 24 ወይም 25 ዲግሪ ይላችኋል። ይህን ያየ ሰው የረርን ሊወጣ አንዲት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ይነሳል። ያው ሰው አፋር ሂድ ቢባል ሦስትና አራት ሊትር ሳይሸከም አይወጣም ነበር። የከተማችን ዙሪያ ተራሮች ሰው የሚጥሉት በዚህ ነው፤ ሙቀታቸው አይሰማም።

ትንበያው የሚነግራችሁ ጥላ ውስጥ የተለካውን የአየር ሙቀት ብቻ ነው። ገላጣ ዳገት ላይ የምትቆሙት ግን ፀሐይ ውስጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እንጦጦና የረር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ወጨጫ ወደ 3,400 ይጠጋል። በዚያ ላይ የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ ከፍታው ላይም ነፋስ አይጠፋም። ላባችሁ ሸሚዛችሁን ሳያርስ ይተናል። ቆላ ላይ ላብ በግንባር ሲንቆረቆር ስለሚታይ ሰው ማንም ሳይነግረው ይጠጣል፤ እዚህ ሸሚዙ ደረቅ ስለሆነ «እኔ እኮ አላላበኝም» ይላል። ማስረጃው በኋላ ኮፍያው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ነጭ የጨው መስመር ነው። ትንፋሽም አለ። ዳገት ላይ አፍ ተከፍቶ ሲተነፈስ የሚገባው ደረቅ አየር ነው፣ የሚወጣው ግን ከሰውነት ውሃ ወስዶ የረጠበ ነው። ትንፋሽ በበዛ ቁጥር ይህም ይበዛል፣ ለዓይን ግን አይታይም።

ስለዚህ እዚህ አገር ውሃ የሚታሰበው በሚሰማን ሙቀት አይደለም፤ በሰዓትና በዳገት ነው። ጨው የሌለበት ውሃ ደግሞ ረጅም መንገድ ላይ ችግሩን በግማሽ ብቻ ነው የሚፈታው፤ አንዳንዴም ያባብሰዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጠኑ

ለጤነኛ አዋቂ ሰው መነሻው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ጥላ ባለበት፣ ለምሳሌ በመናገሻ ሱባ የጥድ ጫካ ውስጥ ጠዋት በዝግታ የሚሄድ ሰው 400 ወይም 500 ይበቃዋል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። የረርን የመሰለ ገላጣ ዳገት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ 700 እና 800 ይጠይቃል። በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ መጠጣት ግን ለአብዛኛው ሰው አይመከርም። አንጀት በዚያ ፍጥነት ማስገባት ያቅተዋል፣ ሆድ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ለሰዓታት ከቀጠለም አደጋ አለው።

በቁጥር እንየው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስታችሁ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ አለባችሁ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች ቀዝቃዛ ስለሆኑ በ450 ሲሰላ 900 ሚሊ ሊትር። የቀሩት ሦስቱ ፀሐይ ላይ ስለሆኑ በ750 ሲሰላ 2 ሊትር ከሩብ። ድምሩ ወደ 3.15 ሊትር ይመጣል። በዚህ ላይ ግማሽ ሊትር መጠባበቂያ ጨምሩ፤ መንገድ የሳተ፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወይም ውሃው የፈሰሰበት ሰው አይጠፋም። እንግዲህ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ፣ በክብደትም ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ከባድ ነው፣ አዎ። ግን እያነሰ የሚሄድ ሸክም ስለሆነ እንደ ሌላው ዕቃ አትቁጠሩት።

ወደ ሸለቆ የሚወርድ ጉዞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ተራራ ስትወጡ ከባዱ ዳገት በማለዳው ብርድ ያልቃል፣ ፀሐይ ሲበረታ እየወረዳችሁ ነው። ወደ ሙገር ሸለቆ ወይም ከደብረ ሊባኖስ ወደ ገደሉ ስትወርዱ ግን ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ታችም ከላይ ይልቅ ይሞቃል፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት አለ። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ልክ በ6 እና በ7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሲወርዱ አንድ ሦስተኛ፣ ሲወጡ ሁለት ሦስተኛ ብላችሁ ከፍላችሁ ያዙ። ለመውጫ የተመደበውን ጠርሙስ ቦርሳ ሥር ቅበሩት እንጂ ጎን ኪስ ላይ አታድርጉት፤ በእጅ የሚገኝ ውሃ ያልቃል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ የእናንተ አይደሉም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተራምደው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያልበው ይችላል። የራሳችሁን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሚዛን ብቻ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሽንት ሸንታችሁ፣ ቀለል ባለ ልብስና ያለ ጫማ ተመዘኑ። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት እንደ ወትሯችሁ በፀሐይ ተራመዱ፤ የጠጣችሁትን ለኩ። ስትመለሱ ላባችሁን ጠርጋችሁ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ልብስ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። ለምሳሌ ስትነሱ 68 ኪሎ ነበራችሁ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 67.2 ሆናችሁ፣ መንገድ ላይ 750 ሚሊ ሊትር ጠጥታችኋል፣ አልሸናችሁም። 0.8 እና 0.75 ሲደመር 1.55 ሊትር ላብ ነው፤ በሁለት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 780 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር በሚዛን የሚመዝኑት ልጆች አሉ፤ ዋናው ነገር ሁለቱንም ጊዜ አንዱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። ከክብደት 2 በመቶ በላይ፣ ማለትም ለ65 ኪሎ ሰው 1.3 ኪሎ፣ ከጎደለ እግርም ይዝላል፣ ልብም ከወትሮው በላይ ይመታል። በሌላ በኩል ከተነሳችሁበት ክብደት ጨምራችሁ ከተመለሳችሁ ከሚገባው በላይ ጠጥታችኋል ማለት ነው።

አጠጣጡ እንዲህ ነው። በየ15 እና 20 ደቂቃው አምስት ስድስት ጉንጭ፤ ያ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ወይም በቀላሉ፣ ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ በፀሐይ ዳገት ላይ በ45 ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለባት። ሰዓት ረስቶ ማረፊያ ላይ አንድ ሊትር በአንዴ የሚገለብጥ ሰው ከፊሉን በሽንት ይመልሰዋል። ጥማት ጥሩ ምልክት ነው፣ አክብሩት፤ ነገር ግን ነፋስና ብርድ ያለበት ከፍታ ላይ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል እሱን ብቻ አትጠብቁ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ቤት ነው። ቡድኖች ብዙውን ጊዜ በ12 ሰዓት ኮስተር ላይ ስለሚሳፈሩ ሰው ባዶ ሆዱን፣ ባዶ አፉን ይመጣል። በ11 ሰዓት ስትነሱ ከ300 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ቀስ ብላችሁ ጠጡ። ለ65 ኪሎ ሰው ይበቃል፣ ኩላሊትም ትርፉን እስክትደርሱ ያስወጣል። የጠዋት ቡና አይከለከልም። ሁለት ስኒ ቡና ለለመደው ሰው ውሃ አያሳጣውም። ማምሻውን የተጠጣ አረቄና ቢራ ግን ያሳጣል፤ እንዲያ ያመሸ ሰው ከመነሻው ጎድሎ ነው የሚጀምረው።

አያያዙ

አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ሊትር ከመያዝ ሁለት ሦስት ትናንሽ መያዝ ይሻላል። አንዱ ቢቀደድ ወይም ክዳኑ ቢላላ ሌላው ይቀራል፤ አንዱን ለንጹህ ውሃ፣ አንዱን ለጨውና ስኳር ውህድ ማድረግም ይቻላል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለአንድ ቀን ጉዞ በቂ ነው፣ ግን ወራት ሙሉ እየሞሉ መመላለስ አያዋጣም፤ ክዳኑ ጥርስ ሥር የሚሰበሰበውን ቆሻሻ ማጠብ ያስቸግራል። ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለ ቱቦ የውሃ ከረጢት እየተራመዱ ለመጠጣት ምቹ ነው። ሁለት ጉድለት አለው፦ ምን ያህል እንደቀረ አይታይም፣ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ስኳር ያለው ነገር ከገባ ሻጋታ ያበቅላል። እዚያ ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ።

ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈልግ ሰው ማታ ጠርሙሱን ሦስት አራተኛ ብቻ ሞልቶ ፍሪዘር ያስገባ፤ ሙሉ ከሆነ በረዶው ሲሰፋ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ጠዋት በፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው መሃል ያድርገው። ሁሉንም ግን አታቀዝቅዙ። በረዶው እስኪቀልጥ የሚጠጣ ያስፈልጋል፣ ማታም መብራት ሊጠፋ ይችላል።

አምቦ ውሃ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ማዕድን አለው፣ ክፋት የለውም፣ ነገር ግን ጋዙ ሆድ ስለሚነፋ ዳገት ላይ የሚያስፈልገውን ያህል መጠጣት አይቻልም። ከወረዱ በኋላ ይሻላል። ለስላሳ ደግሞ ውሃን አይተካም፤ ስኳሩ ከ10 በመቶ በላይ ስለሆነ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፣ ጨውም የለውም ማለት ይቻላል።

ጨዉ

አንድ ሊትር ላብ በአማካይ አንድ ግራም ያህል ሶዲየም ይዞ ይወጣል፤ በገበታ ጨው ሲሰላ ሁለት ግራም ተኩል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ለአምስት ሰዓት ያላበው ሰው ያጣውን በውሃ ብቻ ሲተካ ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ከ135 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲወርድ ሕመም ይሆናል። ውሃ ከደም ወደ ሕዋሳት ይገባና ያብጣሉ፤ አንጎል የራስ ቅል ውስጥ መስፊያ ስለሌለው ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስ መሳት ይመጣል። ሰው ሞቶበታል። አደገኛነቱን የሚያባብሰው ደግሞ ውሃ ከማጣት ጋር መመሳሰሉ ነው፤ አጠገቡ ያሉት «ጠጣ፣ ጠጣ» እያሉ ጭራሽ ያስብሱበታል።

መለያው እንዲህ ነው። ውሃ ያጣ ሰው ይጠማዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሽንቱ ጥቂትና ጥቁር ቢጫ ነው፣ ለሰዓታት አልጠጣም። ጨው የቀጠነበት ሰው ብዙ ሊትር ጠጥቷል፣ ሽንቱ እንደ ውሃ ነጭ ሆኖ ደጋግሞ ሸንቷል፣ ጣቶቹ አብጠው ቀለበቱ ጠብቆታል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ለዚህ ሰው ውሃ አትስጡት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጨዋማ ነገር ይብላ፣ ጉዞው ያብቃ። ከተምታታበት ወይም ከተንቀጠቀጠ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ለሐኪሙም ስንት ሊትር እንደጠጣ ይነገረው።

መከላከሉ ቀላል ነው፣ በጓዳችንም ያለ ነገር ነው። ጨው የነካው የገብስ ቆሎ ከለውዝ ጋር ለተራራ እንደ ተሠራ ነው፤ ስትቆሉት መጨረሻ ላይ የጨው ውሃ አርከፍክፉበትና ምጣዱ ላይ ይድረቅ። በየሰዓቱ ሁለት እፍኝ። ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ በርበሬና ጨው የተነሰነሰበት ቂጣ ሁሉም ይሠራሉ። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየምና ስኳር ይሰጣሉ፤ ጨው ግን ስለሌላቸው ብቻቸውን አይበቁም።

ከሁሉ የምመርጠው በሶ ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ያለ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር። ዱቄቱን በደረቅ ላስቲክ ይዛችሁ ማረፊያ ላይ በጥብጡ። ማታ በጥብጦ ማሳደር ስህተት ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይኮመጥጣል፣ ሆድም ያውካል። ወፍራም አድርጋችሁም አትበጥብጡት። ምግብ ይሆናል፣ ውሃው ቶሎ አይደርስላችሁም። ይዘቅጣል፣ ስለዚህ እየናጣችሁ ጠጡ።

ኦአርኤስ፣ በጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው፣ በየፋርማሲው አለ፤ ክብደቱም ምንም ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ፓኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሆነው ፓኬት 20.5 ግራም ነው፤ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው፣ የሚበጠበጠውም በአንድ ሙሉ ሊትር ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን ፓኬት ይገለብጣል። ያን ጊዜ ውህዱ ከደም ይልቅ ስለሚወፍር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ያስቀምጣል፣ ያስጠማል። ግማሽ ሊትር ብቻ ካላችሁ ፓኬቱንም ግማሽ አድርጉ። ለስላሳ ውስጥ አይበጠበጥም፣ ተጨማሪ ስኳርም አይፈልግም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ፓኬት ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከመጠጣታችሁ በፊት ቅመሱት፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ጨዉ በዝቷል፣ ድፉት። ከሁለት ሰዓት ለማይበልጥ የእንጦጦ ሽርሽር ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ውሃና ቁርስ በቂ ነው።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው እዚህ ያሉትን የውሃም ሆነ የጨው መጠኖች ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይከተል። የስኳር ሕመምተኛም በሶውንና ኦአርኤሱን በምግብ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባ።

የማይነገረው ምክንያት

ብዙ ሴቶች መንገድ ላይ ውሃ የማይጠጡት ስለማይጠማቸው አይደለም። ገላጣው ተራራ ላይ የሚሸኑበት ስለሌለ ነው። በማለዳ ኮስተር ውስጥ አፋቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ሙሉ ቀን ይይዛሉ፣ ማታ ራስ ምታት፣ በሳምንቱ የሽንት ቧንቧ ሕመም። ይህ የግል ዓይናፋርነት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የመሪው ሥራ ነው። መሪው በየሰዓት ተኩሉ ማረፊያ ያድርግ፣ በግልጽም ይናገር፦ ወንዶች ወደፊት አልፈው ከመታጠፊያው ወዲያ ይጠብቁ፣ ሴቶች ወደኋላ ይቅሩ። አንድ ሰፋ ያለ ነጠላ ወይም ጋቢ ለመከለያ ይያዝ፣ ሶፍትና የተጠቀሙበት የሚገባበት ላስቲክም እንዲሁ። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። ይህን የሚያስተካክል ቡድን ውስጥ ሴቶቹ ሳይመከሩ ይጠጣሉ።

ልጆችም ራሳቸው አይጠይቁም፣ ጨዋታ ይዟቸው ይረሳሉ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር፣ የራሱ ኮዳ በራሱ ትከሻ ላይ ሆኖ።

ጾምን በተመለከተ

የአዲስ አበባ ሞቃት ወራት ከየካቲት እስከ ግንቦት ናቸው፤ ሁዳዴ በዚያው ይውላል። እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ መዋልና ፀሐይ ላይ ዳገት መውጣት አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። ጿሚ ለሆነ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስለሚቀመስ ጉዞውን ከዚያ በኋላ፣ ፀሐዩ ሲያዘነብል አጭር ማድረግ፤ ወይም በሥራ ቀን ከሆነ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አፍ ከተፈታ በኋላ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ እንጦጦ ላይ የሁለት ሰዓት መንገድ መሄድ። የረመዳን ጿሚም ከሆነ ረጅሙን ዳገት ወደ ሌላ ወር ማሻገር ነው የሚሻለው።

ዝቋላ ለብቻው ይታይ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል መጋቢት 5 የሚከበረው በሁዳዴ ነው፤ ብዙ ምዕመን 2,989 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ በእግሩ ይወጣል፣ አረጋውያንም አሉበት። ሌሊት ተነስቶ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ላይ መድረስ ያተርፋል። የሚደክማቸው እናቶችና አባቶች ቀድመው የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ የታመመና ያረጀ ሰው እንዲቀምስ ቤተ ክርስቲያን ራሷ መንገድ አላት። ከእነሱ ጋር የሚሄድ ወጣት ውሃና ኦአርኤስ ይያዝላቸው፣ እሱ ባይጠጣም።

መንገድ ላይ ስለሚገኝ ውሃ

ከአቃቂ ወንዝና ከተማዋን አልፈው ወደሱ ከሚገቡት ጅረቶች በምንም መልኩ አትጠጡ። ማፍላትም ክሎሪንም ተዋሲያንን ይገድላሉ እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል አያወጡም። ከከተማው በላይ ያለው የእንጦጦና የወጨጫ ምንጭ ንጹህ ቢመስልም ከላይ ከብት ይውልበታል፤ ሳይታከም አይጠጣ። የሚሻለው ከገበሬ ቤት የቧንቧ ውሃ መለመን ነው፤ እሱንም አክሙት።

ስታፈሉ ከ2,000 ሜትር በላይ መሆናችሁን አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የሚባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ወይም የክሎሪን እንክብል የምትጠቀሙ ከሆነ መጠኑ መለያው ላይ ያለው ነው። ውሃ አጋር የሚለካው ለጄሪካን ስለሆነ ለትንሽ ጠርሙስ እንክብሉ ይመቻል። የደፈረሰውን መጀመሪያ በንጹህ ነጠላ እጥፍ አጥልሉት፣ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ እንዳያልቅ። ከዚያ 30 ደቂቃ፤ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ አንድ ሰዓት። ክዳኑ ጥርስ ላይ ያልታከመ ውሃ ስለሚቀር ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉና ትንሽ አስፈስሱበት።

ሰው ሲደክም

ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ እግር መተሳሰር፣ ዝም ማለት። የመጨረሻውን ልብ በሉት፤ ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ካለ አንድ ነገር አለ። ጥላ ሥር አስተኙት፣ እግሩን ከፍ፣ ልብሱን ላላ አድርጉ፣ አንገቱንና ደረቱን አርጥባችሁ አራግቡለት። ኦአርኤስ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ። በ30 ደቂቃ ካልተሻለው መውረድና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ገና የመጣ እንግዳ ከሆነ ራስ ምታቱ የከፍታው ሊሆን ስለሚችል ውሃ ብቻ ሰጥታችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ።

ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ፣ የማይገናኝ ነገር ካወራ፣ ሰውነቱም እሳት ከሆነ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሷል ብላችሁ ቁጠሩት። ይህ ሂትስትሮክ የሚባለው ነው፣ ይገድላል። ቢያልበውም ያው ነው፤ «ላብ ካለው ደህና ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። በአፉ ምንም አትስጡት፣ ትን ይለዋል። የመጠጥ ውሃችሁንም ቢሆን ሙሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ ልብሱን ቀንሱ፣ በምታገኙት ሁሉ አራግቡ፤ በረዶ ያለው ጠርሙስ ካለ በብብቱ፣ በአንገቱና በጭኑ መጋጠሚያ አድርጉ። መኪና ከመፈለግ በፊት ማቀዝቀዝ ይቀድማል። አንድ ሰው ግን በዚያው ቅጽበት ይደውል፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ተራራው ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ሲወጡ ስልክ የሠራበትን የመጨረሻ ቦታ ልብ ይበሉት።

መመለሻ ሰዓት ከመነሳቱ በፊት ይወሰን። የቡድኑ ውሃ ግማሽ ሲደርስ የት እንዳላችሁ እዩ፤ ጫፉ ገና ሩቅ ከሆነ ተመለሱ። የረር የትም አይሄድም።

ከወረዱ በኋላ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር፣ በአንዴ ሳይሆን በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ። ሽሮ በእንጀራ፣ የጾም በያይነቱ ወይም ሾርባ ጨዉን ይመልሳል፤ ምግብ የሌለበት ውሃ በሽንት ይወጣል። ቢራ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ይሽና፣ ሽንቱ ወደ ቀላል ቢጫ ከተመለሰ በኋላ ያዝዝ። ቱቦውንና ከረጢቱን በዚያው ማታ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ክዳናቸው ተከፍቶ ይድረቁ።